የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከዳኑብ ዳር ያለው ገዳምና ወይኑ

ባለፈው እትም ስለ ቪየና ዙሪያ የወይን እርሻዎች ስጽፍ የክሎስተርኖይቡርግን ገዳም በሁለት መስመር ነክቼ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ እነዚያ ሁለት መስመሮች ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ለአዲስ አንባቢ ያህል፣ ቪየና ከመጣሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። መስከረም ከጠባ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ደግሞ የዕረፍት ቀኖቼን ካህለንበርገርዶርፍ ከምትባለው መንደር በላይ ባለው ተዳፋት፣ በአንድ ቤተሰብ ማሳ ላይ ወይን ስለቅም አሳልፋለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ቪየና ትኖራለች፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ በመጪው ኅዳር ላያት እመጣለሁ። ወይን ጠምቆ ወደሚሸጥ ገዳም ልትወስደኝ አስባለች። እኔ በደብራችን ሠላሳ ዓመት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። እኛ ጋ ለቍርባን የምናውቀው ዘቢብ ነው፤ ገዳም ወይን ለገበያ ሲያወጣ ሰምቼ አላውቅም። ነገሩ እንዴት ነው? ሄጄስ የማየው ምን አለ? (አንድ አባት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አባቴ፣ ልጅዎ ጥሩ ቦታ መርጣልዎታለች፤ ሳይጠራጠሩ ይሂዱ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራው። ገዳም የምንለው ሌላ ቃል ስላጣንለት ነው እንጂ እዚያ ያሉት አባቶች በእኛ አገባብ መነኮሳት አይባሉም። የቅዱስ አውግስጢኖስን ሥርዓት ይዘው በአንድ ግቢ፣ በአንድ ማዕድ የሚኖሩ ካህናት ናቸው። አብረው ይጸልያሉ፤ ከግቢው ወጥተው ደግሞ በየአጥቢያው ያሉ አብያተ ክርስቲያናትን ያገለግላሉ። የቤተ ክርስቲያኑን የመሠረት ድንጋይ በ1114 ያኖረው የኦስትሪያው መስፍን ሊዮፖልድ 3ኛ ነው። በ1133 ቦታውን ለእነዚህ ካህናት አስረከበ፤ በ1485 ደግሞ ሮም ቅዱስ ብላ ሰየመችው። የአገሬው ሰው የሚተርከው እንዲህ ነው፦ ሊዮፖልድና ሚስቱ አግነስ ከሠርጋቸው በኋላ ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ቆመው ሳለ ነፋስ የእመቤቲቱን የራስ መሸፈኛ ነጥቆ ወሰደው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መስፍኑ ለአደን ጫካ ሲገባ ያ መሸፈኛ አንድ ቁጥቋጦ ላይ ሳይቀደድ፣ ሳይበሰብስ አገኘው። ቤተ ክርስቲያኑንም እዚያው ሠራ ይላሉ።

አሁን ወደ ወይኑ። እርስዎ ጉልት የሚለውን ቃል ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። የእኛ ገዳማትና አድባራት ከጉልታቸው እህል እየገባላቸው ካህኑን፣ ደብተራውን፣ ቆሎ ተማሪውን ያስተዳድሩ እንደነበረው፣ የዳኑብ ዳር ገዳማት ደግሞ ከመሳፍንቱ ያገኙት ርስት በከፊል ለስንዴ የማይመች፣ ፀሐይ የሚያገኘው ተዳፋት ነበር፤ እዚያ ላይ የሚበጀው ወይን ነው። ቅዳሴያቸው ወይን ይፈልጋል፤ ሥርዓታቸው ከወይን ፍሬ የተገኘ፣ ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበትና ያልተበላሸ እንዲሆን ያዝዛል። የተረፈው ለማዕድ፣ ለእንግዳና ለገበያ ነው። በእኛ ቤተ ልሔም ዲያቆኑ ዘቢቡን ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ፣ አጣርቶ እንደሚያቀርበው እነሱ ያንኑ ከማሳ ይጀምሩታል። ዛሬ የገዳሙ የወይን ማሳ 108 ሔክታር ነው፤ በኦስትሪያ ካሉት የወይን መጥመቂያዎች ከቀደምቶቹም ከትልልቆቹም አንዱ ነው። የመስፍኑ ዘር ካበቃ ስንት መቶ ዓመቱ፤ ዘጠኝ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያው ማኅበር ነው ያንኑ ተዳፋት የያዘው። የወይን ተክል ሲተከል ደህና ፍሬ የሚሰጠው ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ነው፤ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ደግሞ ፍሬው እያነሰ ጣዕሙ እየበረታ ይሄዳል። የሚተክለው አንድ አባት ነው፣ የሚቀምሰው ሌላ ነው። እኔን ወደዚህ ቦታ የሳበኝ ይኼ ነው።

ከግቢው ሥር የተቆፈረው የወይን ምድር ቤት ፎቅ በፎቅ እየወረደ እስከ 36 ሜትር ጥልቀት አለው። ሲወርዱ ጋቢዎን አይርሱ። ውጪ ሐምሌ ሆኖ እንኳ ታች ይበርዳል፤ ሽታው የረጠበ ድንጋይና እርሾ ነው።

ግን አባቴ፣ ከወይኑ በፊት እንዲያዩልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በቅዱስ ሊዮፖልድ ጸሎት ቤት ውስጥ፣ ዐፅሙ ካረፈበት ዘንድ፣ የቨርደኑ ኒኮላስ የሚባል አንጥረኛ በ1181 የጨረሰው ሥራ አለ። በመዳብ ላይ ተቀርጸው በወርቅ የተለበጡ፣ መደባቸው ሰማያዊ ኢናሜል (በእሳት የቀለጠ የብርጭቆ ቀለም) የሆነ፣ ዛሬ 51 የሆኑ ሠሌዳዎች ናቸው፤ አንዱ ሠሌዳ ከመጽሐፍ ገጽ ብዙም አይበልጥም። ሦስት ረድፍ ነው። የላይኛው ከሕግ በፊት ያለው ዘመን፣ የታችኛው ዘመነ ኦሪት፣ መካከለኛው ዘመነ ሐዲስ። ላይና ታች ምሳሌው፣ መካከል አማናዊው። መጻሕፍት ቤት ያልዋለ ጎብኚ አስጎብኚው ይህን ሲያስረዳው ግራ ይጋባል፤ እርስዎ ግን ያለ አስረጂ ያነቡታል።

መጀመሪያ የስቅለቱን ሠሌዳ ይፈልጉ። ከበላዩ የይስሐቅ መሥዋዕት አለ። ከበታቹ ደግሞ ሙሴ ወደ ከነዓን ከላካቸው ሰላዮች ሁለቱ የወይኑን ዘለላ በመሎጊያ ተሸክመው ይመጣሉ። ከእንጨት ላይ የተንጠለጠለው ዘለላ የማን ምሳሌ እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። እኔ ቀኑን ሙሉ ዘለላ ስቆርጥ ውዬ በማግሥቱ እሱ ፊት ቆሜ አውቃለሁ፤ ዕንባዬ መጣ።

ከዚያ ወደ ሰብአ ሰገል ይሂዱ። ከእነሱ በታች ንግሥተ ሳባ አለች። ስጦታ ይዛ ከነ አጃቢዎቿ በሰሎሞን ዙፋን ፊት ቆማለች። ፊቷ ጥቁር ነው። በ1181! እኛ ጋ ንጉሥ ላሊበላ በነገሠበት ዘመን ገደማ፣ ከእኛ አገር ሰው ይይ አይይ የማይታወቅ አንድ የፈረንጅ አንጥረኛ ንግሥቲቱን ጥቁር አድርጎ ቀረጻት። መጀመሪያ ሳያት ጓደኞቼ ወደ ሌላ ክፍል አልፈው ሄደው እኔ እዚያው ቀረሁ። ለዚች አንዲት ሠሌዳ ስል ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩትም።

ሠሌዳዎቹ ለዛሬ የተረፉበትም ታሪክ ከወይኑ ጋር ይገናኛል። መጀመሪያ የተሠሩት ለመስበኪያው አትሮንስ መሸፈኛ ነበር። በ1330 ግቢው ሲቃጠል ውኃ አልደርስ ብሎ ከምድር ቤቱ ወይን እያወጡ አፍስሰውባቸው አዳኗቸው ተብሎ ይተረካል። በማግሥቱ ዓመት ስድስት ሠሌዳዎች ተጨምረው መሠዊያ ሆኑ።

ኅዳር ስለሚመጡ አንድ ነገር ልጨምር። ኖቬምበር 15 የቅዱስ ሊዮፖልድ በዓል ነው፤ በእኛ ኅዳር 6፣ ቁስቋም ማርያም። ያን ዕለት ከተማው በሙሉ ይወጣል። በ1704 የተሠራ፣ 56,000 ሊትር የሚይዝ በርሜል አለ፤ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል በደረጃ ወደ ላዩ እየወጣ በበርሜሉ ሆድ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል። ደስ የሚል በዓል ነው። መሠዊያውን ግን በዚያ ግርግር አያዩት፤ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ጧት ይሂዱ። ከሃይሊገንሽታት ጣቢያ ኤስ 40 የሚባለውን ባቡር ይያዙ። ክሎስተርኖይቡርግ የሚል ስም ያላቸው ሁለት ፌርማታዎች አሉ፤ የሚወርዱት ሁለተኛው፣ ኪርሊንግ የሚለው ላይ ነው። ከዚያ አጭር ዳገት አለ። ቀና ሲሉ ሁለት ጉልላት ያያሉ፤ አንዱ ላይ የንጉሠ ነገሥት ዘውድ፣ ሌላው ላይ የመስፍን ቆብ። አፄ ካርል 6ኛ ከ1730 ጀምሮ ዘጠኝ ጉልላት ያለው ቤተ መንግሥትና ገዳም በአንድ ላይ ሊያሠራ ጀምሮ በ1740 ሞተ፤ የተረፉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ባቱ ከወይን እርሻ እሠራለሁ። ችግኙ ሲመጣ ሥሩ የአንድ ዓይነት፣ ግንዱ የሌላ ዓይነት ሆኖ የተቀጠለ እንደሆነ ነገሩኝ። ለምንድን ነው? አውሮፓም እንዲህ ነው? (ከባቱ)

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ፣ እንዲህ ነው። ታሪኩም በቀጥታ ወደዚሁ ከተማ ያመጣናል።

በ1860 ክሎስተርኖይቡርግ ውስጥ በገዳሙ ድጋፍ የወይን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በዓይነቱ በዓለም የመጀመሪያው ነው የሚባለው። ሰዎቹ ለመማርና ለመመራመር ከአሜሪካ የወይን ተክል አስመጡ። ከሥሩ ጋር ፊሎክሴራ የምትባል፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ቢጫ ተባይ አብራ ገባች። ኦስትሪያ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በ1872 እዚያው ነው። ሥሩን ትመጥጣለች፣ ቁስሉ ይበሰብሳል፣ ተክሉ ቆሞ ይደርቃል። ከዚያ ከማሳ ወደ ማሳ እየተሻገረች የአገሩን ወይን ጨረሰችው።

መርጨቱም ማጥለቅለቁም አልሆነም። መድኃኒቱ የተገኘው ተባይዋ ከመጣችበት ነው፦ የአሜሪካው ወይን ሥር ከእሷ ጋር አብሮ የኖረ ስለሆነ ይችላታል፤ ፍሬው ግን ለወይን ጠጅ አይጥምም። ስለዚህ የአሜሪካውን ሥር ከአውሮፓው ግንድ ጋር ቀጠሉት። ዛሬ እኔ የምለቅመው ግሩነር ቬልትሊነር የሚባለው ነጭ የወይን ዓይነትም ከሥሩ አሜሪካዊ ነው። እርሻችሁ ላይ ስትኰተኵቺ የተቀጠለበትን እብጠት አፈር እንዳይውጠው ተጠንቀቂ። ከበላዩ ያለው ግንድ አፈር ካገኘ የራሱን ሥር ያወጣና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቪየና ለሠርግ መጥቼ ከገዳሙ መደብር ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ። አንዱ ሳንክት ላውረንት የሚል ቀይ ነው፣ ሌላው ግሩነር ቬልትሊነር። ክዳናቸው ላይ ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ ቀለም ያለው ምልክት አለ። ምንድን ነው? አንዱ ታተንዶርፍ፣ ሌላው ቪየና የሚለውስ፣ ሁለቱም የአንድ ገዳም አይደሉም? ለፋሲካ ልከፍታቸው ነው፤ ከዶሮ ወጥ ጋር ይሄዳሉ? የወይኑ ስኳርስ እንዴት ነው የሚለካው? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ እህቴ፣ ከክዳኑ ልጀምር። በ1985 አንዳንድ የኦስትሪያ ነጋዴዎች ወይኑ ጣፋጭና ወፍራም እንዲመስል ዳይኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ኬሚካል ሲጨምሩ ተያዙ። የአገሩ ወይን ከውጭ ገበያ በአንድ ጊዜ ወደቀ። ምንም ያላጠፋ ገበሬ ወይኑን የሚገዛው አጣ፤ እኔ የምለቅምላቸው ሽማግሌ ያንን ዓመት ዛሬም ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል። በዚያው ዓመት ጥብቅ ሕግ ወጣ። አንቺ ያየሽው የባንዲራ ቀለም ያለው ምልክት የዚያ ሕግ ልጅ ነው፤ በላዩ የአምራቹ ቁጥር አለ። በጠርሙሱ ወረቀት ላይ ደግሞ የመንግሥት የምርመራ ቁጥር ታገኛለሽ፤ ወይኑ በላቦራቶሪም በቅምሻም አልፏል ማለት ነው።

የቦታው ስም የተለያየው ማሳዎቹ ስለተበታተኑ ነው። ገዳሙ ያለበት ከተማ በሕግ የተመደበው ቫግራም ከሚባለው የወይን ክልል ነው። ክልሉ የሚታወቀው ግን ከወንዙ ማዶ ባለው፣ ለስ በሚባል አፈር ነው። በበረዶ ዘመን ነፋስ ያመጣው፣ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ሆኖ፣ ሲቆፈር ግን እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚቀር ቢጫ አፈር። ገበሬው ያለ ድጋፍ እንጨት ጓዳውን በዚያ ውስጥ ይቆፍራል። ገዳሙ ከዚህ ሌላ ቪየና ውስጥ፣ ጉምፖልድስኪርሸን እና ታተንዶርፍ ማሳ አለው። ቀዩ ጠርሙስሽ የመጣው ከታተንዶርፍ ነው፤ ከቪየና ወደ ደቡብ፣ ሜዳ፣ ጠጠር የበዛበት፣ ቀን የሚሞቅ መሬት ነው።

ሳንክት ላውረንት ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ሎሬንዞ በዓል፣ ከኦገስት 10 ነው፤ ፍሬው መቅላት የሚጀምረው ያን ሰሞን ነው። አስቸጋሪ ተክል ነው። ቀድሞ ስለሚያቈጠቁጥ የጸደይ ውርጭ ይቀድመዋል፤ ሲያብብ ዝናብ ካገኘው አበባው ይረግፋል፣ ዘለላው ባዶ ይቀራል። ብዙ ገበሬ ተማርሮ ነቅሎታል። ገዳሙ ግን አልተወውም፤ በአገሩ እንዲስፋፋ ያደረገውም እሱ ነው፤ ታተንዶርፍ ያለው ማሳው በዚህ ተክል ይታወቃል።

ወደ ፋሲካው ማዕድ። ከበርበሬ ጋር የሚጣላው የወይን ጣኒን ነው፤ ድዱን የሚያደርቀው፣ የሚያጎመዝዘው ነገር። አልኮሉ የበዛ፣ ከአዲስ በርሜል የወጣ ወፍራም ቀይ ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር ሲገናኝ አፍ ያቃጥላል፤ ወጡም ወይኑም ይበላሻል። አንድ ዓመት ውድ ነው ብዬ እንዲህ ያለ ወይን ለእንግዶቼ ከፍቼ ሁሉም ውኃ ጠይቀውኛል። ሳንክት ላውረንት ጣኒኑ ለስላሳ ነው፤ የጠቆረ ቼሪ ጣዕም አለው። ባለፈው ፋሲካ ጠርሙሱን ለግማሽ ሰዓት በረንዳ ላይ አውጥቼ፣ ቀዝቀዝ ብሎ 15 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ቀዳሁት። ከዶሮው ጋር ሳይሆን ከቅልጥሙና ከጥብሱ ጋር ነበር የበለጠ የተስማማው፤ ከዶሮውም ጋር አልተጣላም። ግሩነር ቬልትሊነሩን ለጾሙ ሽሮ ብታደርጊው ይሻልሽ ነበር፤ ነጭ ቁንዶ በርበሬ የሚል ጠረን አለው፣ ኮምጠጥ ማለቱ የሽሮውን ዘይት ያጥባል። ፋሲካ ከሆነ ግን ለአይብና ለጎመኑ አቅርቢው።

ስኳሩንም ጠይቀሽኝ ነበር። ወይኑ መቼ እንደሚለቀም የሚወሰነው በጭማቂው ስኳር ነው። ከላይ ያነሣሁት የክሎስተርኖይቡርግ የወይን ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረው ባቦ በ1861 ‹የክሎስተርኖይቡርግ መመዘኛ› የሚባለውን አወጣ። አንድ ዲግሪ ማለት ከመቶ ኪሎ ጭማቂ ውስጥ አንድ ኪሎ ስኳር ነው። ኦስትሪያ እስከ ዛሬ የምትመዝነው በዚሁ ነው። ለጥራት ወይን ቢያንስ 15፣ ዘግይቶ ለሚለቀመው 19፣ ፍሬው ተክሉ ላይ በረዶ ሆኖ ለሚጨመቀው 25። እኛ ማሳ ላይ ሽማግሌው ከላይኛውም ከታችኛውም ረድፍ አንዳንድ ፍሬ ይቆርጣሉ፤ በአውራ ጣታቸው ጨፍልቀው ጠብታዋን በትንሿ መነጽር ላይ ያሳርፉና ወደ ፀሐይ ዞረው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። ‹አሥራ ስምንት› ካሉ ቅርጫት እናነሣለን። ‹ገና› ካሉ ወደ ቤታችን ነው።

ቪየና በመስከረም ከተመለስሽ ደግሞ ሽቱርም ጠይቂ። መፍላት ጀምሮ ያልጨረሰ፣ ደፍራሳ፣ አረፋ የሚያወጣ አዲስ ወይን ነው። በአንድ ቃል ጉሽ ነው። ክዳኑ ስለማይገጥም በሻንጣ አይሄድም፤ እዚያው ጠጥተሽ ነው የምትመጪው።

ጥያቄ፦ ዛልትስቡርግ ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። ዝቫይገልት የሚባለውን ቀይ ወይን ሳቀርብ አንድ ደንበኛ ‹ዝቫይገልት የናዚ ስም ነው፣ እንዴት ታቀርባለህ?› ብሎ ተቆጣኝ። የምመልሰው አጣሁ። እውነት ነው? (ከዛልትስቡርግ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነት ነው፤ ደንበኛህ አልተሳሳተም።

ፍሪትስ ዝቫይገልት በ1922 ክሎስተርኖይቡርግ በሚገኘው በዚያው የወይን ተቋም ሳንክት ላውረንትን ብላውፍሬንኪሽ ከሚባል ሌላ ቀይ የወይን ዓይነት ጋር አዳቀለ። የተገኘው ተክል ጠንካራ ነው፣ ብዙ ይሰጣል፣ ዛሬ በኦስትሪያ ከቀይ ወይኖች ሁሉ በስፋት የሚተከለው እሱ ነው። ሰውየው በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ፤ ኦስትሪያ ከተያዘችበት ከ1938 እስከ 1945 ተቋሙን መራ። ወይኑ በእሱ ስም መጠራት የጀመረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ቀድሞ ሮትቡርገር ይባል ነበር፤ ዛሬም በሕግ ይህ ስም ይሠራል፤ ጠርሙሳቸው ላይ እሱን የሚጽፉ አምራቾች አሉ።

እዚያው ከተማ፣ ከተቋሙ ብዙም ሳይርቅ፣ በገዳሙ ሮማን ካርል ሾልስ የሚባል ካህን ይኖር ነበር። ናዚዎችን የሚቃወም የምስጢር ማኅበር አቋቋመ። በ1940 ተያዘ፤ ሜይ 10 ቀን 1944 ቪየና ውስጥ ተገደለ። ገዳሙንም ናዚዎች በ1941 ዘግተውት ነበር፤ ካህናቱ የተመለሱት ከጦርነቱ በኋላ ነው። የአንደኛውን ስም በየቀኑ ስንት ሺህ ጠርሙስ ላይ እናነባለን፤ የሌላኛውን ስም የሚያውቅ ደንበኛ በሃያ ሁለት ዓመት ሁለት ብቻ ነው የገጠመኝ። ይህ ያመኛል።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ተክሉ ምንም አላጠፋም፤ አሳድገው የሚኖሩበት ገበሬዎችም እንዲሁ። ስለዚህ አቀርባለሁ። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ግን አልሸፍንም። ሰውየው ማን እንደነበር እነግረዋለሁ፣ ስለ ሾልስም እነግረዋለሁ። ሮትቡርገር የሚል ጠርሙስ ካለን አመጣለታለሁ። አንተም አለቃህን ጠይቅ፤ የወይን ዝርዝሩ ላይ ሁለቱንም ስም ማስገባት ምንም ወጪ የለውም።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ ቪየና። በለቀማ ወቅት መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ልጠንቀቅ? (ከቪየና)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ወረቀትሽን አስተካክዪ። የተማሪ የመኖሪያ ፈቃድ ካለሽ አሠሪው ከመቅጠሩ በፊት የሥራ ፈቃድ ማውጣት ሊኖርበት ይችላል፤ ‹ቆይቶ እናደርገዋለን› ካለሽ አትጀምሪ። በሕጉ አሠሪ ሠራተኛውን ለማኅበራዊ ዋስትና ማስመዝገብ ያለበት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው። የተመዘገብሽበትን ወረቀት ቅጂ በእጅሽ ያዢ። እኔ በሁለተኛው ዓመቴ፣ ቋንቋውም ሳይገባኝ፣ ሠራተኛ የሚያቀርብ አንድ ሰው የአሥራ አንድ ቀን ደመወዜን በልቶ ቀርቷል። ወረቀት ስላልነበረኝ የምከስበት አጣሁ። የሠራሽውን ሰዓት በየቀኑ ማታ በደብተርሽ ላይ ጻፊ።

ማሳው ተዳፋት ነው፤ ጫማሽ የሚይዝ ይሁን። ጧት ቅጠሉ በጤዛ ርሶ እጅሽን ያደነዝዘዋል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ጭማቂው ተጣብቆ ተርብ ይሰበሰብብሻል። ዘለላውን በግራ እጅሽ ከሥር ደግፈሽ፣ መቀሱን በቀኝሽ ከላይ አግቢው። አዲስ ለቃሚ ሁሉ የሚቆርጠው የግራ እጁን ሌባ ጣት ነው፤ ቅጠሉ ስለሚሸፍነው አይታይም። ስለዚህ ጓንት ሁለት መግዛት ካቃተሽ የግራውን ብቻ ግዢ።